ለእግር የሚቀርብ ቤት

በእኛ አገር ርቀት የሚለካው በአገጭ ነው። ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዱን ገበሬ አስቁማችሁ የምትሄዱበት መንደር ሩቅ እንደሆነ ብትጠይቁት፣ አገጩን ወደ ሰማዩ ጠርዝ ቀስሮ «እዚችው ናት» ይላችኋል። አምናችሁት ትሄዳላችሁ። ጥላችሁ ይረዝማል፣ ውሃችሁ ያልቃል፣ እናንተም ገና ትሄዳላችሁ። ሰውየው አልዋሸም። ሁለት ወንዝ ተሻግሮ፣ ጨውና ሳሙና ገዝቶ፣ በዚያው ቀን ቤቱ ገብቶ ራቱን የሚበላ ሰው ስለሆነ ለሱ በእውነት እዚችው ናት።

እኔ ግን የማዘጋጃ ቤት ሰው ነኝ፤ ርቀትን የማውቀው በሜትር ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ለሌላው ሰው የቤት መሥሪያ ቦታ ስለካና ችካል ሳስተክል ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ለራሴ ግን አንዲት ካሬ ሜትር የለኝም። ይህን የሚሰማ ሰው ወይ «ሞኝ ነው» ይላል፣ ወይ «በዘመድ ስም ደብቋል» ይላል። እውነቱ የመጀመሪያው ነው፤ ሚስቴም ትመሰክራለች።

አንድ ጊዜ ደሴ ለስልጠና ተልከን ነበር። አሰልጣኙ ክራባት ያሰረ ወጣት ሲሆን፣ ሠለጠነ የሚባለው ከተማ ነዋሪው መኪና ሳያስፈልገው ሥራውን፣ ገበያውን፣ ሐኪሙንና የጸሎት ቤቱን በእግሩ የሚያገኝበት ነው አለን። ሁላችንም በደብተራችን ጻፍን። ከወግዲ የመጣ አንድ ባልደረባችን ብቻ እጁን አውጥቶ «እኛ ዘንድ እኮ ሁሉም በእግሩ ነው የሚሄደው። ሠልጥነናል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። አሰልጣኙ ወደ ጥያቄው ከሻይ በኋላ እንደሚመለስ ተናገረ። ከሻይ በኋላ አበላችንን ፈርመን ተበተንን።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው በከተማው ጫፍ፣ ከአስፋልቱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ሰፈር ነበር። ክረምት ሲገባና ጭቃው ጫማ መቀማት ሲጀምር አርባ አምስት ይሆናል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ጓሮው ግን የጓሮ ጌታ ነበር። መምህርት የሆነችው ሚስቴ ጎመንና ድንች ተክላበታለች። አከራያችን ደግሞ ኪራይ ስትቀበል የምታፍር፣ ገንዘቡን ሳትቆጥር መቀነቷ ውስጥ የምትከት መልካም ሴት ነበረች። እኛና ሴት ልጃችን በዚያ ቤት ተመችቶን እንኖር ነበር። በኋላ አባቴ መጡ።

አባቴ በወግዲ አቅጣጫ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሎ ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ የዜማ መምህር ናቸው። አገሩ በሙሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «የኔታ» ነው የሚላቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ዳሌያቸው ታመመና ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። እኔ ዘንድ እንዲመጡ ስለምናቸው ያቀረቡልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ከቤተ ክርስቲያን አታርቀኝ።»

«አባዬ፣ እዚችው ናት» አልኳቸው። ሜትር የሚለካው ልጃቸው አገጩን ቀሰረ።

በመጀመሪያው እሑድ ገና ሳይነጋ ወጣን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ያስቀደሰው ሰው ሲመለስ አገኘን። በሁለተኛው እሑድ ባጃጅ ጠራሁ። ነጂው ለአክብሮት ብሎ ሙዚቃውን በጥቂቱ ቀነሰላቸው፤ እሳቸውም መቋሚያቸውን በጭናቸው መሃል አቁመው መዝሙረ ዳዊት እየደገሙ ሄዱ። ሲመለሱ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ሸጋ ነገር ነው፤ ለገበያ ይሆናል። ወደ እግዚአብሔር ቤት ግን እግር እያለኝ ተጭኜ አልሄድም» አሉ። እኔ ዳሌያቸውን እያየሁ የትኛው እግር እንደሆነ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ቤት ይውሉ ጀመር። አንድ ጠዋት ግን ሚስቴ ከጓሮ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ና እስቲ እይ» አለችኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ማጉያ ከሩቅ፣ ነፋሱ ሲፈቅድለት ይሰማል። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ጎመኑ መሃል ቆመዋል። ነፋሱ ድምፁን ሲወስድባቸው ያልተሰማውን ራሳቸው ይሞሉታል። ቅዳሴው እስኪያልቅ እንዲያ ቆሙ።

«በጎመን መሃል እያስቀደሱ ነው እኮ» አለች ሚስቴ። «ቤት እንፈልግ።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እኔን ነው የሚመስለው፤ ግን በዚህ ጉዳይ በእውነት ቸግሮኝ ነበር። ደላላ ፈለግኩ። ደላላው ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ መሃል ከተማ ወስዶ አንድ ግቢ አሳየኝ። ገበያው ከጀርባ፣ ጤና ጣቢያው ከጎን፣ መሥሪያ ቤቴ ከፊት ለፊት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ በቀጥታው መንገድ አራት መቶ እርምጃ። እኔ ለባለሙያነቴ ክብር ስል ራሴ ቆጠርኩት፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ከዚያ ኪራዩን ነገረኝ።

«የስንት ወር?» አልኩት።

«የአንድ።»

ጫፍ ሰፈር ከምንከፍለው ሦስት እጥፍ ነበር። ደላላው ፊቴን አይቶ «የምትከፍለው ለቤቱ አይደለም፣ ለእግርህ ነው» አለኝ። መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ስልጠናውን መስጠት ነበረበት።

ማታ ቤት ገብቼ እንደ መሥሪያ ቤታችን ደንብ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት። የምንተወውን ሁሉ ዘርዝሬ ጻፍኩ፤ ከበዓል ውጪ ሥጋ፣ ለሳሎን ያሰብነው ሶፋ፣ የጓሮው ጎመን። ሚስቴ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«አባትህ የትኛው ሳጥን ውስጥ ናቸው?» አለችኝ።

አልጻፍኳቸውም ነበር። በማግስቱ ቀብድ ልክፈል ብዬ ነበር፤ አከራዩ ግን ሳያዩኝ ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

አከራዩ ሐጂ ናቸው፤ እህልና ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ፣ ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ከተማውን የሚያስተዳድሩ ሽማግሌ። እኔ ለሥራ ስቀጠር እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀረበልኝም።

«ስንት ናችሁ?»

«አራት ነን፣ ሐጂ።»

«ዘመድ የት ነው?»

«ገጠር።»

«ገጠሩ ስንት ነው?»

ይህን እንዴት እንደምመልስ ስላላወቅኩ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «ሰው ለኔ ደስታዬ ነው፣ ወላሂ። ግን ልንገርህ፤ ሽንት ቤቱ የተቆፈረው ለአራት ሰው ነው» አሉኝ። እኔም እንደ ቀላል ነገር «መርሃባ» ብዬ ፈረምኩ። የከተማ ፕላን ባለሙያ ሆኜ ስለ ጉድጓድ አለመጠየቄን ለአለቃዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ገባን። የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። አባቴ አራት መቶ አሥራ ሁለቷን እርምጃ በገዛ እግራቸው ሄዱ። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ከዳሌያቸው ይልቅ ያዘገያቸው ሰላምታው ነበር። በየሱቁ ደጃፍ «እንደምን አደሩ የኔታ» የሚል አለ፣ ጉልበት ስሞ የሚያልፍ አለ፣ የመስጊዱ ሸህ ሳይቀሩ ቆመው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ተጠያይቀዋል። ቢሆንም በጊዜ ደረሱ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «የመሃል ከተማ ዲያቆናት ዜማ ይሰርቃሉ። አንዱማ ከነሥሩ ነው የነቀለው» እያሉ ምሳ እስኪቀርብ አማረሩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏቸው ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኪራዩ በዚያች ሰዓት ርካሽ መሰለኝ።

ይህ እሑድ ነው። የገበያው ቀን ደግሞ መጣ።

በኛ ዘንድ ገበያ አጠገብ የሚኖር ዘመድ የዘመድ ሁሉ ማረፊያ ነው። ደንብ አድርጎ የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም። ጫፍ ሰፈር ሳለን ይህን ዕዳ ጭቃው ይከላከልልን ነበር። አሁን ግን የኔታ ከገበያው ጀርባ ገብተዋል ተባለ። ጠዋት በሩን ስከፍት ሦስት በቅሎ ቆመዋል። ጢማቸው የሸበተ ቄሶች፣ የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ጃንጥላቸውን በደጃፉ ደርድረው እየገቡ «ቤት ለእንቦሳ» ይላሉ። አባቴ ከውስጥ «እንቦሳ እሰሩ» እያሉ ይመልሳሉ። ከብት ወደ ግቢ እንዳይገባ ውል ላይ ያስፈረሙኝ ሐጂ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን ሲያሰግጉ አየኋቸው።

ከቀትር በኋላ የአገር ቤት እስላም ጎረቤቶቻችን መጡ። «የኔታን ሳንዘይር እንዴት እንገባለን» ብለው ሽመላቸውን ደገፍ አድርገው ተቀመጡ። አንዱ የዘንድሮው ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ያስቆጥራቸዋል፣ ሌላው ክርስቲያን እንግዶቹ እንዲበሉለት የልጁን ሠርግ ከጾሙ ለማስመለጥ ምክር ይጠይቃል። ማንም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ማር፣ ገብስ፣ እንቁላል አምጥቷል። ሁሉም ግን በልቶ ነው የሚሄደው። ከመሄዱ በፊትም ወደ ጓሮ ዞር ይላል። እኔ በዚያን ጊዜ ስለ ጓሮው ምንም አላሰብኩም፤ ያሰቡት ሐጂ ናቸው።

በሦስተኛው ወር ሐጂ ወደ ሱቃቸው አስጠሩኝ።

«ሞልቷል» አሉ።

«ምኑ፣ ሐጂ?»

«አሥር ዓመት ይበቃል ተብሎ የተቆፈረው።»

እሳቸውም ቁጣ አላሳዩም፤ ቁጣው ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ወይ እንግዳው ይቀንስ፣ ወይ ቤቱን ልቀቅልኝ። የሁለት ሳምንት ጊዜ አለህ» ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ቤቱን ብለቅ አባቴ ወደ ጎመኑ ይመለሳሉ። እንግዳውን ደግሞ «አትምጣ» ማለት በወሎ ምድር ያልተፈጠረ ቋንቋ ነው። ለአባቴ ብነግራቸው በዚያው ቀን መቋሚያቸውን አንስተው «ወደ ገጠር መልሰኝ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሁለት ሌሊት አስቤ አንድ ዘዴ አገኘሁ። የአገሬን ወሬ በደንብ የሚያደርስ አንድ ቄስ አውቅ ነበርና አስፋልቱ ላይ ሳገኘው ጠጋ ብዬ «የኔታ ትንሽ አሟቸዋል። ሐኪም ዕረፍት አዟል፤ ሰው እንዳያደክማቸው ብታሳውቅልኝ» አልኩት።

በዚህ አገር ተወልጄ፣ በዚህ አገር አድጌ፣ ይህ ቃል ከአፌ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጤነኛ ሽማግሌን አለመጠየቅ ያስነውር ይሆናል። የታመመውን አለመጠየቅ ግን ያቆራርጣል፤ በልጅ ልጅ የሚተረክ ቂም ነው። እኔ እንግዳ ለመከልከል አገሩን በሙሉ በግዴታ ጠራሁት።

የገበያው ቀን ሲነጋ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ በቅሎ ተሰልፏል። ገበያ ያልነበረው ሰው ሁሉ መጥቷል። ወሬው እያንዳንዱን ወንዝ ሲሻገር ሕመሙን እያባሰ ስለሄደ፣ ከሩቁ ደብር የመጡት ለቀብር ብለው ነጭ ለብሰው ነው። አንዲት ሴት ከማዕዘኑ ጀምራ ማልቀስ ስትጀምር ሌሎቹ አፏን ያዟት። ጸበል በጀሪካን፣ ዶሮ ለሾርባ፣ ሥር ማሽ የማሰው መድኃኒት በጨርቅ፣ አንድ በግ ሳይቀር ገባ። የእስላሙ መንደር ሰዎች ቆመው ዱአ አደረጉ። ሚስቴ ትልቁን ድስት ጥዳ ስትመለስ አንድ ጊዜ አየችኝ።

ለአባቴ አስቀድሜ ልነግራቸው ሮጥኩ። ዘገየሁ። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ታላቁ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ «እግዜር ይማርዎ የኔታ። ከልጅዎ አፍ ባንሰማው አናምንም ነበር» ሲላቸው ደረስኩ።

አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በዚያች ቅጽበት የሚቆረጥሙት ቆሎ በእጃቸው ነበር። ከሰውየው ራስ በላይ ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ አላዩኝም። ቆሎውን ወደ ሳህኑ መለሱ።

«አሜን» አሉ። «እንግዲህ ጋደም ልበል።»

አልጋቸው ላይ ወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ጠያቂው በተራ እየገባ እግራቸውን ዳሰሰ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እፎይ ነበር ያልኩት።

ወደ ማታ ሐጂ ራሳቸው ስኳርና ተምር ይዘው መጡ። ልቀቅልኝ ሊሉኝ ነው ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው የአባቴን እጅ ያዙ።

«የኔታ፣ አፉ በሉኝ። ሰው በዛ ብዬ ልጅዎን ተናግሬዋለሁ። መታመምዎን አላወቅኩም።»

«አፉ ብያለሁ» አሉ አባቴ።

«የታመመ ሰው ደጅ አይዘጋም። እስኪሻላቸው ማንም ይምጣ» አሉኝ ሐጂ ወደኔ ዞረው። «ለጉድጓዱ አላህ ያውቃል።»

ሲወጡ ለሚስቴ በኩራት ነገርኳት። ቤቱ ጸና፣ እንግዳው ተፈቀደ፣ ሐጂም አፉ ተባሉ። ሦስት ዓመት ብለምን የማላገኘውን አንድ ውሸት አስገኘልኝ። «ጎሽ» አለችኝና ድስቱን ማጠብ ቀጠለች።

እሑድ ነጋ። ነጠላዬን አጣፍቼ አባቴን ልቀሰቅስ ገባሁ። ነቅተዋል፤ ግን ተኝተዋል። ደወሉ ከመስኮታችን ሥር የተደወለ ያህል ይሰማል።

«አባዬ፣ ይረፍድብናል።»

«የታመመ ሰው የት ይሄዳል?»

«አልታመሙም እኮ።»

«አሟቸዋል ብለሃል፤ አገሩ በሙሉ ሰምቷል። ዛሬ በእግሬ ብሄድ ውሸታም የሚባለው ማነው?» አሉና ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። «ሂድ አንተ። ስለኔ ጸልይ።»

አልተቆጡም። ምርር ብለውም አልተናገሩም። ልጃቸው እንዳያፍር አልጋ ላይ መዋል እንደ ማንኛውም የአባት ሥራ ነበር ለሳቸው። ብቻዬን ሄጄ አስቀደስኩ፤ ሰው ሁሉ «እንዴት አደሩ?» ሲለኝ «ትንሽ ይሻላቸዋል» እያልኩ ተመለስኩ።

በሁለተኛው እሑድም ተኙ። በሦስተኛውም። እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝና የማገገሚያ ዕቅድ አወጣሁ። በዚህ ሳምንት አልጋው ላይ ቁጭ ይላሉ፣ በሚቀጥለው ደጃፍ ይወጣሉ፣ ከወር በኋላ ሐጂ ሳይጠራጠሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ቶሎ ከዳኑ ሐጂ ስለ ጉድጓዱ ያስታውሳሉ ብዬ ነው። ዕቅዱን ለሚስቴ ሳስረዳት የድምፅ ማጉያው መስኮቱን እያንቀጠቀጠው ነበር። አባቴ በዚያ በኩል ባለው ክፍል ተኝተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ጫፍ ሰፈር ሳለን ቆመው ነበር የሚያስቀድሱት» አለችኝ። «እዚህ ሦስት እጥፍ ከፍለን ተኝተው ያስቀድሳሉ። ይህንንም ሰንጠረዡ ውስጥ አስገባው።»

አፈርኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ በአለቃ ፊት፣ በአማት ፊት፣ በፈተና። ይህኛው ግን በአባቴ አልጋ ፊት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ያስቃል። የሰጠኋቸውን አራት መቶ እርምጃ የወሰድኩባቸው ራሴ ነበርኩ፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መልስልኝ አላሉም።

በአራተኛው እሑድ ቀድሜ ተነሳሁ። ልብሳቸውን አልጋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይነሱ፣ አባዬ። እናገራለሁ።»

«ለማን?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ።»

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ እግራቸውን ከአልጋው አውርደው ጥምጣማቸውን ያጠመጥሙ ጀመር። አንድ ወር የተኛ ዳሌ ለመቆም ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ በሦስተኛው ቆመ።

የግቢውን በር እንደወጣን ሐጂ ከጠዋት ሶላት ሲመለሱ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ፊታቸው ፈካ። «አልሐምዱሊላህ፣ የኔታ። ተሻልዎ?» አሉ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደኔ ዞሩና ጠበቁ።

«አልታመሙም ነበር፣ ሐጂ» አልኩ። «እንግዳ ይቀንስልኛል ብዬ እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«አልታመሙም?»

«አልታመሙም።»

«ተምሩስ?»

«በልተነዋል።»

ሐጂ አባቴን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ ጫፍ ሰፈር ያለውን ጭቃ እያሰብኩ እቃ ስንጭን ታየኝ። በመጨረሻ በጣታቸው ወደ ጓሮው አመለከቱ። «አዲስ ጉድጓድ ታስቆፍራለህ። ባለ አሥራ ሁለት ሰው። በገዛ ገንዘብህ።»

«አስቆፍራለሁ።»

«በሰው ላይ ማሟረት ግን ሸጋ አይደለም» አሉኝ። ወደ አባቴ ዞረው ደግሞ «ሂዱ፣ ቅዳሴው ያመልጥዎታል» አሉ።

የቀረው መንገድ ነው። ከበሩ ጀምሮ ሱቁ ሁሉ ክፍት ነው፣ ሰው ሁሉ ደጅ ነው፣ የኔታ ከሞት አፋፍ ተነስተው በእግራቸው እየመጡ ነው። ሻጯ ከጉሊቷ ተነስታ እልል ልትል አፏን ከፈተች። አባቴ ቆሙ፣ ወደኔ ዞሩ፣ ጠበቁ። «አልታመሙም ነበር፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። እልልታው አፏ ውስጥ ቀረ። አሥር እርምጃ ሄደን ወሬውን ያደረሰልኝን ቄስ አገኘን፤ ለሱ ስነግረው ፊቱ ከኔ ብሶ ቀላ፣ ለአገሩ ሁሉ የማለው እሱ ነበርና። ሸሁ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። ያን ቀን ስታለቅስ የነበረችው ሴት እንባዋን ስለ ማባከኗ አንድ ነገር ተናገረችኝ፤ አልጽፈውም። ከመድኃኒት ቤቱ ፊት አለቃዬ ከነቤተሰቡ ቆሟል።

«እንኳን ማረዎ፣ የኔታ» አለ።

አባቴ ወደኔ ዞሩ። ነገርኩት።

«አንተ» አለኝ አለቃዬ፣ «ባለፈው ሳምንት ለአባትህ ሕመም ብለህ የሦስት ቀን ፈቃድ አልወሰድክም?»

«ወስጃለሁ።»

«ሰኞ ቢሮዬ ትመጣለህ።»

አንድም ሰው ሳይጠይቅ አላለፈም። ለእግር የሚመች ሰፈር ማለት ይህ ነው፤ የምታውቀው ሰው ሁሉ በእግርህ መንገድ ላይ ይቆማል። አባቴ ለአንዱም አልመለሱልኝም፣ ለአንዱም አልነቀፉኝም። መቋሚያቸውን እያነሱ፣ እየቆሙ፣ እየዞሩ፣ እየጠበቁ ሄዱ። በመጀመሪያ ሲጠይቁኝ ብቻ እናገር ነበር። ኋላ ላይ ሰው ሳይጠይቀኝ መናገር ጀመርኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» አለ። ሕዝቡ ነጠላውን እያስተካከለ በግራና በቀኛችን ይወጣ ጀመር። እንባዬ መጣ። አንድ ወር ሙሉ የነፈግኳቸውን ቅዳሴ ዛሬም በኔ የተነሳ አጡት።

«አለቀ፣ አባዬ። አመለጠዎት» አልኳቸው።

እሳቸው የበሩን መቃን እየተሳለሙ ነበር፤ ግንባራቸውን ከእንጨቱ ላይ ቶሎ አላነሱም። ሲያነሱ ክንዴን ያዙና ክብደታቸውን ጣሉብኝ።

«በሚቀጥለው እሑድ ቶሎ እንደርሳለን» አሉኝ። «የምትነግረው ሰው አይኖርም።»